ላላ አድርጎ ማሰር

በቶሮንቶ ምሥራቅ በኩል፣ ነጩ ገደል ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንድ የጀልባ ማቆሚያ፣ ማሪና የሚሉት፣ አለ። ከዳንፎርዝ በባቡር ጥቂት ፌርማታ ሄዶ፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ደግሞ ቁልቁለቱን በእግር ወርዶ ነው የሚደረስበት። እዚያ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ሥራዬ ጀልባ ማሰር ነው። የሚመጣውን እቀበላለሁ፣ የሚሄደውን እፈታለሁ፤ ብርድ ሲገባ ከውሃ አውጥተን በሸራ እንሸፍናለን፣ ሲሞቅ መልሰን እናወርዳለን። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የምሄደው እየተጣደፍኩ ነው።

በወጣትነቴ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበርኩ። የተወለድኩት ደጋ ነው፤ ሃያ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከወንዝ የሰፋ ውሃ አይቼ አላውቅም። ምጽዋ ወርጄ ሰባት ዓመት በመርከብ ላይ ሠራሁ። መንግሥት ሲለወጥ ከጓደኞቼ ጋር በዚያው መርከብ ቀይ ባሕርን ተሻግረን የመን ገባን፤ ብዙ ዓመት በካምፕ ከኖርኩ በኋላ ነው ካናዳ የመጣሁት። እዚህ ስደርስ ሥራ የምታፈላልግልኝ አማካሪ ወረቀቴን አየችና መርከብ የሚለውን ሁሉ በእስክሪብቶ ሰረዘችው።

«ይህ እዚህ አይጠቅምህም» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም።

ኢቶቢኮ መጋዘን ገባሁና አሥራ ስምንት ዓመት ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና ነዳሁ። ልጄን ያሳደግሁበት ሥራ ስለሆነ አላማርረውም። ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ምን እንደምችል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ማሪናው ውስጥ የገባሁት እንዲሁ በአጋጣሚ ነው። አንድ እሑድ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ገደሉ ሥር ካለው አሸዋ ላይ ልንናፈስ ወረድን። ዞር ዞር ስል አንድ ሰው ጀልባውን ሊያስር ሲታገል አየሁት፤ የሚቋጥረው ቋጠሮ እንደ ጫማ ማሰሪያ ነው። ነፋሱ ጀልባውን ይገፋበታል፣ ቋጠሮው ይፈታበታል። ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ገመዱን ተቀብዬው አሰርኩለት። እጄ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያልነካውን ነገር ሳይጠይቀኝ ሠራው። ቀና ስል አንዲት አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ቆማ ታየኛለች።

«የት ነው የተማርከው?» አለችኝ።

«ቀይ ባሕር ላይ።»

«ሰኞ መምጣት ትችላለህ?»

ማሪናውን የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። እስከ ዛሬ አለቃዬ ናት።

ከጀልባዎቹ ሌላ እዚያ ሃያ ያህል ቤቶች አሉ፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ እውነተኛ ቤቶች፣ ኩሽናና መኝታ ቤት ያላቸው። ባለቤቶቹ ክረምት ከበጋ ይኖሩባቸዋል። ከእነሱ አንዷ ሰማንያ አራት ዓመት የሆናቸው ባልቴት ናቸው። ድሮ አስተማሪ ነበሩ። በእንግሊዝኛ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፣ በልቤ ግን እማማ ነው የምላቸው። በየጠዋቱ ከቤታቸው ወደ መሬት የምታሻግረውን ድልድይ በረዶ ስጠርግላቸው በመስኮት ሆነው «እዚያ ጥግ ላይ ቀርቶሃል» ይሉኛል። ሁልጊዜም ቀርቶኝ ይገኛል።

ባለፈው ዓመት መኸር ላይ፣ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር፣ ሃሪኬን የሚሉት ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ ወደ አሜሪካ ጠረፍ እየመጣ መሆኑን ሬዲዮው ይናገር ጀመር። ሃሪኬንን የሞቀ ባሕር ነው የሚወልደው፤ እኛ ሐይቅ ድረስ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ አይዘልቅም። ጅራቱ ግን ይደርሳል። ብዙ ሰው ጅራት ሲባል ይንቃል። እኔ የፈራሁት ስለ ነፋሱ አቅጣጫ የተነገረውን ነው፤ ከምሥራቅ ይመጣል ተባለ። ሐይቁ በምሥራቅ በኩል ረጅም ነው። ከዚያ የሚነሳ ነፋስ ሞገዱን የሚያቆምበት ነገር ሳይኖር ሙሉውን መንገድ እየነዳ መጥቶ እኛው ላይ ነው የሚጥለው። በወቅቱ ከመቶ የሚበልጡ ጀልባዎች ገና ውሃ ውስጥ ነበሩ።

አለቃዬ ለባለጀልባዎቹ ሁሉ ኢሜይል ላከች፤ ገመዳችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ የሚል። እንዳነበብኩት ቢሮዋ ሄድኩ።

«ጥብቅ አይደለም፤ ላላ ነው መደረግ ያለበት» አልኳት።

ከኮምፒውተሯ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «ማዕበል እየመጣ ነው እኮ» አለችኝ።

«ለዚያ ነው። ሞገድ ሲመጣ ጀልባው መነሳት፣ መወዛወዝ አለበት። ገመዱ ረጅም ከሆነ ቀስ እያለ ይይዘዋል። አጭር ከሆነ እያንዳንዱ ሞገድ በድንገት ይጎትተዋል። ወይ ገመዱ ይበጠሳል፣ ወይ ማሰሪያው ብረት ከነእንጨቱ ተነቅሎ ይመጣል። ረጅም ገመድ፣ በሁለትና በሦስት እጥፍ፤ እንደዚያ ነው።»

አሁን ቀና አለች። «እርግጠኛ ነህ?»

የማሳያት ሰርተፊኬት አልነበረኝም። ስለዚህ በዓይኔ ያየሁትን ነገርኳት። ምጽዋ ወደብ ላይ፣ ከበረሃው የሚነሳው ነፋስ የበረታ ቀን፣ አንድ መኮንን መርከቡን አጥብቃችሁ እሰሩ ብሎ አዘዘ። አሰርን። ከሰዓት በኋላ ገመዱ ተበጠሰና እንደ ጅራፍ ተመልሶ አጠገቤ የቆመውን ጓደኛዬን እግር መታው። ጓደኛዬ ከዚያ ቀን በኋላ መርከብ ላይ አልወጣም፤ እስከ ዛሬም ያነክሳል። ይህን ለማንም ፈረንጅ ነግሬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰችና አዲስ ኢሜይል መጻፍ ጀመረች። «እንዳልከው እናድርግ። ካልሆነ ግን ሁለታችንም ሥራ ፈላጊ መሆናችን ነው» አለችኝ።

ሁለት ቀን ነበረን። ከሁለት ሠራተኞች ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ ጀልባዎቹን አንድ በአንድ አዳረስናቸው። ገመድ ጨመርን፣ አላላን፣ ደረብን። ገመዱ ብረትና እንጨት ላይ እየተፋተገ እንዳይበላ አሮጌ የእሳት አደጋ ቱቦ ቆራርጠን አለበስነው። ነፋስ የሚይዘውን ሸራ ሁሉ አወረድን። ሁለቱ ሠራተኞች ወጣቶች ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ በየጀልባው «ለምን?» ይሉኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን መጠየቁን ትተው ያሰሩትን እኔ ሳላየው ወደሚቀጥለው አልሄድ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሰውን ቀና ያደርጋል።

ማታ ክሬሰንት ታውን፣ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ዜናውን ሰምታ ጠበቀችኝ።

«ነገ አትሄድም» አለች።

«እሄዳለሁ።»

«ሌላ ሰው የላቸውም?»

«አላቸው። ገመዱን ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማህም?»

«እኔን ሳቅ በሳቅ አድርጎ የመን ወስዶኛል፤ ከዚያ ወዲህ አልስቅለትም።»

አልሳቀችም። እራቴን አቀረበችልኝ። ልተኛ ስል «ስልክህን ቻርጅ አድርገው» አለችኝ፤ በእሷ ቋንቋ እሺ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት በውሃ ላይ ቤቶች የሚኖሩት ሰዎች እንዲወጡ ተነገራቸው። ከዚያ ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ገደሉን ተጠግቶ የሚወጣ ዳገት። ያ መንገድ ጭቃ ከተናደበት መውጫ የለም። አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ወጥተው እማማ ብቻ ቀሩ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ሄዳ አልሆነላትም። ሦስተኛውን እኔ ሄድኩ።

ሻያቸውን ይዘው ሬዲዮ እያዳመጡ ነበር። ቤቱ ገና ከአሁኑ ቀስ እያለ ይወዛወዛል።

«ሃሪኬን አይቼ አውቃለሁ» አሉኝ፤ ገና ሳልናገር። «አንተ ሳትወለድ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያኔ ቤት የወሰደው ወንዙ ነው እንጂ ሐይቁ አይደለም።»

ያንን ማዕበል የዚህ ከተማ ሽማግሌዎች ሲያነሱት ሰምቻለሁ። በስተምዕራብ ያለው ወንዝ ሞልቶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ጠርጎ የወሰደበት ጊዜ ነው። ተቀመጥኩና እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። ወንዙ አጠገብ ይኖሩ ነበር። አባታቸው ኮረብታ ላይ ወዳለው ዘመድ ቤት በጊዜ ስለወሰዷቸው ተረፉ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ከፊታቸው ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ የዚያ ወንበር ልጅ ጓደኛቸው ነበረች።

«የእነሱን ቤት ማንም አንኳኩቶ ውጡ አላላቸውም» አሉ። «ማንም አልመጣም።»

«እኔ ግን መጥቻለሁ» አልኳቸው።

ከዚያ ሻያቸውን ጨረሱና ብርጭቋቸውን አጠቡ። ካፖርታቸውን አለበስኳቸው። መድኃኒታቸውን፣ መነጽራቸውን፣ አንድ የፎቶግራፍ አልበም በቦርሳ ያዝኩላቸው። ድልድይዋ እየተንቀሳቀሰች ስለነበር በክንዳቸው ደግፌ አሻገርኳቸው። መኪና ውስጥ ሲገቡ ቁልፋቸውን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አጠፉብኝ። የተናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የተናገሩት ግን አደራ ነው። አደራ ደግሞ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልገውም።

ነፋሱ ከቀትር በኋላ መጣ። ሐይቁ ቀለሙ እንደ ጭቃ ሆነ። ሞገዱ የድንጋዩን ግድብ እየዘለለ ይገባ ጀመር፤ ውሃው ሲመታ መሬቱ በጫማዬ በኩል ይሰማኛል። ጀልባዎቹ ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ፣ ወደ ጎን ይሄዳሉ፣ ገመዳቸው ቀስ አድርጎ ይመልሳቸዋል። ከመቶ በላይ ጀልባ እንደዚያ ሲተነፍስ አይቼ አላውቅም። አለቃዬ በዝናብ ልብሷ ውስጥ ሆና «ይይዛል» አለችኝ። እኔም «ይይዛል» አልኳት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ተንሳፋፊ ዶክ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ዶክ ማለት ጀልባዎች ግራና ቀኝ የሚታሰሩበት የእንጨት መንገድ ነው። አንደኛው ጫፉ ከመሬት ጋር እንደተያያዘ ቀረ፤ ሌላኛው ጫፍ ከነአሥራ አንድ ጀልባው እንደ በር መከፈት ጀመረ። በሩ የሚከፈተው ወደ ቤቶቹ ነው። ቢደርስ ኖሮ ጀልባዎቹ የመጀመሪያዎቹን ቤቶች እንደ መዶሻ ነበር የሚመቷቸው።

ማድረግ ያለብንን ወዲያው አየሁት። በነፋሱ መምጫ በኩል የሲሚንቶ ግንብ አለ፤ ግንቡ ላይ ወፍራም የብረት ጉቶ ተተክሏል። ከተፈታው ጫፍ ወፍራም ገመድ ወደዚያ ጉቶ ማድረስ ከተቻለ ዶኩ ይቆማል። ወፍራም ገመድ ደግሞ አይወረወርም፤ መጀመሪያ ቀጭኑን ትወረውራለህ፣ ቀጭኑ ወፍራሙን ይስባል። የቀጭኑ ጫፍ ላይ እንደ ቡጢ የተቋጠረ ክብደት አለ። ያንን ቋጠሮ በእጄ የቋጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሠራተኞቹ የቢሮ ጌጥ መስሏቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ነበር።

«እኔ ዶኩ ላይ እሄዳለሁ፤ እናንተ ግንቡ ላይ ሁኑና ተቀበሉኝ» አልኳቸው።

አለቃዬ አይሆንም አለች። እኔም ከመካከላችን ገመድ ወርውሮ የሚያውቅ ካለ እሱ ይሂድ አልኩ። የመንሳፈፊያ ጃኬቴን ራሷ አጥብቃ አሰረችልኝና ወገቤ ላይ የደኅንነት ገመድ ቋጠረች። ቋጠሮውን አየሁት፤ ትክክል ነበር። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ዶኩ ላይ የሄድኩት ሁለቱን ገመዶች እየጎተትኩ፣ በጉልበቴ እየዳኽኩ ነው። ሰው እንዲህ እንዲያደርግ አልመክርም፤ ልጄ ብታደርገው በዱላ እከለክላታለሁ። ጫፉ ጋ ደርሼ ወፍራሙን ገመድ ከዶኩ ጋር አሰርኩና ቀጭኑን ጠቀለልኩ። ግንቡ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። የምወረውረው ግን ነፋሱ ላይ ነበር። የመጀመሪያው መሃል ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን ነፋሱ አንስቶ መልሶ ፊቴ ላይ አመጣው። በየጊዜው ዶኩ ወደ ቤቶቹ እየተጠጋ ነው፤ ከኋላዬ የእማማን በረንዳ የአበባ ማሰሮ መቁጠር እችላለሁ።

ያን ጊዜ አሠልጣኛችን ትዝ አሉኝ። ምጽዋ፣ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲያስወረውሩን የነበሩ ሰው ናቸው። ነፋስ ላይ ሽቅብ አትወርውር፣ ከነፋሱ ሥር አሳልፈው ይሉን ነበር። ነፋሱ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅኩ። ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ውሃውን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው አድርጌ ለቀቅኩት። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ ተሰማኝ። ገመዱ ሄደ፣ ሄደ፣ አለቃዬ በሁለት እጇ ያዘችው።

ከዚያ በኋላ ያለው የጉልበት ሥራ ነው። ወፍራሙን ስበው ጉቶው ላይ ጠመጠሙት። ሞገዱ ሲመጣ መያዝ፣ ሲመለስ መሳብ ነበር የሚያስፈልገው። በእንግሊዝኛ ልጮህላቸው ስል ቃሉ አልመጣልኝም፤ በባሕር ኃይል የለመድኩት ነው ከአፌ የወጣው። «ያዝ» እላለሁ፣ «ሳብ» እላለሁ። ከሦስት አራት ጊዜ በኋላ ሁለቱ ወጣቶችና አለቃዬ ግንቡ ላይ ሆነው «ሳብ» እያሉ ሲስቡ በነፋሱ መሃል ይሰማኝ ነበር። ዶኩ በስንዝር በስንዝር ተመለሰ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲበርድ ሁሉም በቦታው ነበር።

ለባለቤቴ ደወልኩላት። «ደኅና ነኝ» አልኳት። «ትከሻዬን ትንሽ ብቻ።»

«ትንሽ ስትል ስንት ነው?» አለችኝ። ለስድስት ሳምንት ሐኪም ቤት ያመላለሰኝ ትንሽ ነበር።

በማግስቱ ዞረን ስናይ አንድም ጀልባ አልሰጠመም። ጥቂቶች ተፈግፍገዋል፣ አንዱ መስኮቱ ተሰንጥቋል። ክፉኛ የተጎዳው አንድ ብቻ ነው። ባለቤቱ አላመነንም ኖሮ ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት በግሉ መጥቶ ገመዱን ጥብቅ አድርጎት ነበር። ማሰሪያው ብረት እንዳልኩት ከነእንጨቱ ተነቅሎ ወጥቷል። ሰውየው ቢሮ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ጠገንኩለት።

እማማ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሱ። ቁልፋቸውን መለስኩላቸው። ቤታቸውን ክፍል በክፍል አይተው፣ ጠረጴዛቸውን በእጃቸው ዳሰው፣ ወደ በረንዳው ወጡ። «ሁለት ማሰሮ ጎድሏል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ጎድሏል። ከዚያ በኋላ ነው አንገቴን አቅፈው ያለቀሱት።

አለቃዬ ክረምቱን ለባለጀልባዎቹ ትምህርት እንድሰጥ ጠየቀችኝ። ትከሻዬ በፋሻ እንደታሰረ፣ ዛሬም ባልተስተካከለው እንግሊዝኛዬ አስተማርኩ። ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ የራሳቸው ድርጅት ያላቸው ሰዎች ደብተር ይዘው ተቀምጠው የምናገረውን ሲጽፉ አየሁ። ሰው ራሱን ሲያመሰግን ደስ አይልም፤ ግን ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው።

ወሬው ወደ እኛም ሰው ደረሰ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስለ ማዕበልና ጎርፍ ጥቂት እንድናገር የማኅበሩ ሽማግሌዎች አዘዙኝ። ማዕበል ሲነሳ ሐይቁ ዳር ቪዲዮ ልታነሱ አትሂዱ፣ ውሃ በሞላው ድልድይ ሥር መኪና አትንዱ፣ መድኃኒትና ወረቀታችሁን አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርጉ አልኳቸው። ስጨርስ አንዲት ሁለት ትንንሽ ልጆች የያዘች እናት ቀርባ፣ ዳንፎርዝ አካባቢ ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ባለ ቤት፣ እንደምትኖርና ዝናብ በመጣ ቁጥር በመስኮቷ ውሃ እንደሚገባ ነገረችኝ።

«አከራይሽ ምን አለ?» አልኳት።

«አየዋለሁ ይላል። እስካሁን ግን አላየውም፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ሄጄ አየሁላት። መስኮቱ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በአሮጌ ቅጠልና በጭቃ ተደፍኗል። እሷ እየዛቀች፣ እኔ በደኅናው እጄ እያወጣሁ እስከ ቀትር ጨረስነው። መሬቱን ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ቆልለን ረገጥነው፤ ልጆቿም አብረውን ረገጡ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ዶፍ ዝናብ ወረደ። ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ደረቅ ነው» አለችኝ። «ወለሉን በእጄ እየዳሰስኩት ነው። ደረቅ ነው።»